የተፈታ ሰው በደጅ ሲቆም

«ፈትሐ» የሚለው የግእዝ ግስ ሁለት ነገር እንደሚናገር የግስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ትርጓሜው ፈታ ማለት ሲሆን የታሰረውን ማላቀቅ፥ የተቋጠረውን መልቀቅ ነው፤ ሁለተኛው ትርጓሜው ፈረደ ማለት ነው። ፍትሕ፥ ፍትሐት፥ ፈታሒ፥ መፍትሔ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ በአባቶቻችን ቋንቋ ዳኛ ማለት አሳሪ ብቻ ሳይሆን ፈቺም ነው፤ ፍርድም ፍጻሜውን አገኘ የሚባለው ሰው በታሰረ ጊዜ ሳይሆን በሚገባ በተፈታ ጊዜ ነው። ካህን ለተነሳሒ የሚሰጠው ፍትሐትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ይህን መነሻ ካደረግን ዘንድ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ሕግ የፈታውን ሰው ጎረቤቱ አስሮ ሊያቆየው ይገባልን? ቅጣቱን ፈጽሞ ከወህኒ የወጣ ሰው ዕዳው ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ተከፍሏል ከተባለስ ወደ ቀድሞ በደሉና ወደ ቀድሞ ሱሱ እንዳይመለስ የመጠበቁ ግዴታ የማን ነው? የራሱ ብቻ ነውን፥ ወይስ የመንግሥት፥ ወይስ የምእመናን?

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንናገረው ወደ አንድ የታወቀ ስፍራ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማ በርን ዋሻ ይሻገራል፤ ደብረ ሲናን ከተሰናበተ በኋላ ብርዱ ይቀርና የይፋት ቆላ ይቀበለዋል። በዚያ ቆላ ያለችው ሸዋ ሮቢት የማሽላና የጤፍ፥ የማሾና የሽንኩርት፥ የማንጎና የፓፓያ አገር ናት። ዳሩ ግን የፌዴራል ማረሚያ ቤት ስላለባት ከሩቅ አገር የሚኖር ሰው ስሟን የሚሰማው ከገበሬዎችዋ ይልቅ በእስረኞችዋ ነው። በነሐሴ ወር 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት በተቃጠለ ጊዜ ብዙ እስረኞች ወደዚያ መዛወራቸው ይታወሳል።

በዚህ ማረሚያ ቤት ያሉት የይፋት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ከአዲስ አበባም ከሌላም ክፍለ አገር የመጡ አሉ። ስለዚህ ከበሩ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ዘመድ በአቅራቢያው የለም። ከፊቱ ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ወደ ላይ ቢሄድ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ታች ቢሄድ ወደ ደሴ ያደርሰዋል። መኪና እስኪያገኝ ድረስ ግን በመንገዱ ዳር ይቆያል። በመንገድ ዳር ደግሞ በየትኛውም የአገራችን ከተማ እንደሚታየው ሻይም አለ፥ ጫትም አለ፥ ዐረቄም አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙን ጠርቶ «ና ወዲህ ተቀመጥ» የሚለው የመጀመሪያው ሰው የቀድሞ ጓደኛው እንደ ሆነ የዚያ ሰው የነገ ሕይወት በዚያች ሰዓት ግማሽ በግማሽ ተፈረደ ማለት ነው።

በይፋት ምድር የጫት ነገር አዲስ አይደለም። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በ14ኛው መቶ ዓመት በንጉሡ ላይ በተነሣ ጊዜ በንጉሡ መቀመጫ ከተማ ጫት እንደሚተክል መፎከሩን ይነግረናል። ዛሬ ግን ነገሩ የሁለት መንግሥታት ፉክክር አይደለም። ቅጠሉ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ወጣት ሥራ እያስፈታ፥ ምርቃናውን ለመስበር ተብሎ በላዩ የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ ቤት እያፈረሰ የሚገኝ የጋራ ችግር ሆኗል። በሱስ ምክንያት እጁን ወደ ሰው ኪስ የሰደደ፥ በስካር ምክንያት ጩቤ የመዘዘ ሰው ሱሱን ይዞ ወደ ወህኒ ይገባል፤ በወህኒ ሳለ ያጣው ቢመስለውም፥ ሲወጣ ሱሱ በደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አሁን ደግሞ ሕጋችን ስለዚህ ነገር የሚያስበውን እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበረ። በ1996 ዓ.ም. በእርሱ ፈንታ የወጣው ግን የወንጀል ሕግ ተባለ፤ በመጀመሪያው አንቀጹም ወንጀለኛው ሌላ ወንጀል እንዳይፈጽም መቅጣትን ብቻ ሳይሆን እንዲታረም ማድረግንም ከዓላማው ቈጥሮ አስቀመጠ። ወህኒ ቤት ይባል የነበረውም ማረሚያ ቤት ተባለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጽ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፥ ከቅርብ ዘመዶቹ፥ ከጓደኞቹ፥ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋራ የሃይማኖት አማካሪውም ሊጎበኘው መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ ካህን ወደ እስረኛ መሄዱ በሕግ የተጠበቀ መብት ነው።

ደግሞ አመክሮ የሚባል ሥርዐት አለ። የተፈረደበትን ዘመን ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ ሰው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ካስመሰከረ፥ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ከካሰ፥ የቀረውን ዘመን በውጭ ሆኖ እንዲፈተን ይለቀቃል። አመክሮ የሚለውን ቃል ገዳማውያን በሚገባ ያውቁታል። መነኵሴ ለመሆን የመጣ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት የአመክሮ ዘመን አለው። ነገር ግን በሁለቱ አመክሮዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የገዳሙ ተመካሪ ለብቻው አይጣልም፤ ለአንድ አረጋዊ ይሰጣል፥ ሥራ ይታዘዛል፥ ማዕድ ይካፈላል፥ ሐሳቡን ለአባቱ ይገልጣል። ከማረሚያ ቤት የወጣው ተመካሪ ግን ፈተናው ከገዳሙ ይልቅ የከበደ ሆኖ ሳለ አረጋዊ የለውም፤ ሥራ የሚያዝዘው የለውም፤ ማዕድ የሚያካፍለውም የለውም። ፈታኙ በዝቶ መምህሩ የጠፋበት አመክሮ ብዙ ሰው ቢጥል አያስገርምም።

የመንግሥት ሥልጣን እስከ በሩ ድረስ ነው ማለት ይቻላል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ከ4,000 የሚበልጡ እስረኞች በይቅርታ በአንድ ጊዜ ተለቀቁ። መንግሥት በአንድ ቀን ውሳኔ በር ሊከፍትላቸው ቻለ። ለእያንዳንዳቸው ግን ማታ የሚያድሩበትን ቤት፥ የሚያምናቸውን ሰው፥ የሚሰማቸውን ጆሮ በውሳኔ መስጠት ለማንም መንግሥት የሚቻል አይደለም። ይህን መስጠት የሚችል ሰው ነው፤ ሰውንም ለዚህ የሚያዘጋጀው ሃይማኖት ነው።

ይህን ስንል ግን የተበደለው ሰው ድምፅ በሌላ በኩል ይሰማናል። «የእኔን ልጅ የገደለው፥ የእኔን በሬ የነዳው፥ የእኔን ቤት ያቃጠለው ሰው ተለቀቀ፤ ካህናትም ስለ እርሱ ይሰብካሉ፤ ስለ እኔ የሚናገር ማን ነው?» ይላል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢዋ ቤት ሲነድና ነፍስ ሲጠፋ ያየ የይፋት ሰው ይህን ቢል ጨካኝ ነው ልንለው አይገባም። የተበደለውን ሰው እንባ የሚንቅ ምሕረት ከእግዚአብሔር አይደለም፤ የአቤልን ደም ጩኸት የሰማ አምላክ የማንንም ደም ጩኸት አይንቅምና።

ስለዚህ ዕዳ የሚለውን ቃል መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ወንጀል በሠራ ጊዜ በሦስት በኩል ባለዕዳ ይሆናል። ለሕግ ቅጣት፥ ለተበደለው ሰው ካሣ፥ ለእግዚአብሔር ንስሐ ይኖርበታል። በወህኒ የፈጸመው ዘመን የመጀመሪያውን ዕዳ ይከፍላል እንጂ ሦስቱንም አይከፍልም። እንግዲህ «ዕዳው ተከፍሏልን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እንዲህ ነው፤ የሕግን ዕዳ ከፍሏል፥ ስለዚህም ይህን ዕዳ ሁለተኛ ሊያስከፍለው ሥልጣን ያለው ሰው የለም። ጎረቤት በሐሜት፥ አሠሪ በመንፈግ፥ ዘመድ በመራቅ የሚቀጣው ቅጣት ማንም ዳኛ ያልፈረደው ትርፍ ቅጣት ነው። ለተበደለውና ለእግዚአብሔር ያለበት ዕዳ ግን ገና ሊቀር ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን አንባቢ በጥንቃቄ ያስብበት። ያ የቀረው ዕዳ እንዲከፈል የምንወድ ከሆነ ሰውየው የሚከፍልበትን ኃይል ማግኘት አለበት። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ የቻለው የሚመልሰው ነገር በእጁ ስለ ነበረው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ሌባ የነበረው ሰው ስርቆቱን እንዲተው ብቻ አላዘዘም፤ በእጁ እንዲሠራና ከሥራውም ፍሬ ለተቸገረ እንዲሰጥ ጨምሮ አዘዘ። መስረቅን የተወ ሰው መስጠትን እስኪለምድ ድረስ መታረሙ አልተፈጸመም ማለት ነው። እንግዲህ የተፈታውን ሰው ሥራ የሚከለክል ሰው ለተበደለው ያዘነ ይመስለዋል እንጂ የተበደለውን ካሣ ያስቀራል። ከዚህም በላይ ተስፋ የቈረጠ ሰው ተመልሶ ወንጀል ቢሠራ ነገ የሚበደል ሌላ ሰው አለ። ያን ገና ያልተበደለውን ሰው የሚጠብቀው ዘበኛ ዛሬ ለተፈታው ሰው የሚሰጠው ሥራና ወዳጅነት ነው። ስለዚህ ለተበደለው ማዘንና ለተፈታው ማዘን ጠላቶች አይደሉም።

ማረሚያ የሚለው ስም ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። ማረም በመጽሐፍ ሲሆን ስሕተትን ማቅናት ነው፤ በእርሻ ሲሆን ደግሞ እንክርዳድንና ሣርን መንቀል ነው። የይፋት ገበሬ የማሽላው ብርቱ ጠላት አቀንጭራ መሆኑን ያውቃል። አቀንጭራ በመልኩ ያማረ አበባ ያለው ነው፤ ነገር ግን ከምድር በላይ ከመታየቱ በፊት በምድር ውስጥ የማሽላውን ሥር ይዞ ምጉን ይጠጣል። አበባውን ያየ ገበሬ ጉዳቱ ቀድሞ እንደ ደረሰ ያውቃል። ዘሩም እጅግ ደቃቅ ሆኖ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ ማሽላ እንደ ገና በተዘራ ጊዜ ይነቃል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ አንድ ጊዜ ነቅሎ «ጨረስሁ» አይልም። በየዓመቱ ያርማል፤ ማሽላውንም ከጥራጥሬ ጋራ እያፈራረቀ ይዘራል፤ መሬቱንም በፍግ ያበረታል።

የሱስ ነገርም እንዲሁ ነው። በወህኒ ጫትና መጠጥ ያልቀመሰ ሰው ዳነ ማለት አይደለም፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ ተኝቷልና። የቀድሞው ሰፈር፥ የቀድሞው ጓደኛ፥ የቀድሞው ቍጭት በተመለሰ ጊዜ ይነቃል። ጌታችን ስለ ርኩስ መንፈስ ባስተማረው ምሳሌ፥ የወጣው ጋኔን ተመልሶ ቤቱን ተጠርጎና ተጊጦ ባዶ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ እንደ ገባ ተናግሯል። የቤቱ ጉድለት ቈሻሻ መሆኑ አልነበረም፤ ተጠርጎ ነበርና። ጉድለቱ የሚኖርበት ሰው ማጣቱ ነው። ከሱስ መራቅ ቤት መጥረግ ነው፤ ሥራ፥ ጸሎት፥ ማዕድ፥ ወዳጅ ወደ ቤቱ ካልገቡ ግን የተጠረገው ቤት ለኋለኛው ክፋት የተሰናዳ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል።

በውጭ አገር ያሉ ክርስቲያኖችም በዚህ ነገር የደከሙበትን ማወቅ ይጠቅማል። በብራዚል አገር በሳን ዦዜ ዶስ ካምፖስ ከተማ ማሪዮ ኦቶቦኒ የተባለ የሕግ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1972 እ.ኤ.አ. አፓክ የተባለውን ሥራ ጀመረ። በዚህ ሥርዐት በሚተዳደሩ ቤቶች የታጠቀ ዘበኛ የለም፤ ቍልፉን የሚይዙት እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስማቸውም እስረኛ ሳይሆን «የሚያገግም» ይባላል። በአሜሪካም የፕሬዚዳንት ኒክሰን አማካሪ የነበረው ቻርልስ ኮልሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ታስሮ ከተፈታ በኋላ በ1976 እ.ኤ.አ. ለእስረኞች የሚያገለግል ማኅበር አቋቋመ። በአገራችንም ፕሪዝን ፌሎሺፕ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት በማረሚያ ቤቶች ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል።

የኮልሰን ማኅበር በ1997 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ወህኒ ቤት አንድ ልዩ ትምህርት ከፈተ። በ2003 እ.ኤ.አ. ይህ ትምህርት በተመረመረ ጊዜ የተገኘውን ቍጥር ካህናትና ምእመናን ሁሉ እንዲያስቡበት እንወዳለን። ትምህርቱን የጀመሩት 177 ሰዎች ነበሩ። እስከ መጨረሻው የፈጸሙት 75 ብቻ ናቸው። ከፈጸሙት ውስጥ በሁለት ዓመት ጊዜ ተመልሰው ወህኒ የገቡት ከመቶ 8 ሲሆኑ፥ ትምህርቱን ፈጽሞ ካልገቡት መሰሎቻቸው ውስጥ የተመለሱት ከመቶ 20 ነበሩ። ይህን የሰማ ሰው «እነሆ ሃይማኖት ረዳ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የጀመሩት ሁሉ፥ ያቋረጡትም ጭምር፥ በአንድነት በተቈጠሩ ጊዜ የተመለሱት ከመቶ 24 ሆኑ፤ ይኸውም ካልገቡት የሚሻል አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ ትምህርቱን ፈጸመ ለመባል ከተፈቱ በኋላ ሦስት ወር በሥራ ላይ መቈየት ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ የፈጸሙት ሰዎች የተሻሉት በስብከቱ ብቻ ነው ብሎ መናገር አይቻልም፤ ሥራ ያገኙና በሥራቸው የጸኑ ሰዎች ነበሩና። ሃይማኖትና ሥራ፥ ጸሎትና የሚጠብቅ ወዳጅ አብረው በተገኙበት ስፍራ ፍሬው ይታያል። ሁለተኛውም ነገር የቈጠራ ነገር ነው። የጸኑትን ብቻ ቈጥሮ የሚመካ አገልግሎት የነጋዴ ሒሳብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ግን መቶ በጎች የነበሩት ሰው ሒሳብ ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ በበረት መኖራቸው አንዱ አለመጥፋቱን አያሳይምና። ከ177ቱ የጐደሉት 102 ሰዎች ስም አላቸው፥ እናት አላቸው። የክርስቶስ አገልጋይ «ስንት አተረፍን?» ከማለት አስቀድሞ «የቀሩት ወዴት ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። በአሜሪካ አዮዋ በተባለ ክፍለ አገር ይኸው ትምህርት በመንግሥት ገንዘብ ሲካሄድ፥ ወደ ትምህርቱ የገቡ እስረኞች ከሌሎቹ የተሻለ ኑሮ ያገኛሉ ተብሎ ክስ ቀረበ፤ ዳኛውም በ2006 እ.ኤ.አ. ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ይህ የባዕድ አገር ፍርድ ለእኛ ሕግ አይደለም፤ ዳሩ ግን ምክሩ ለይፋት ይጠቅማል። ይፋት ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ የሚገበያዩበት፥ በሐዘን የሚደራረሱበት አገር ነው። ከማረሚያ ቤት የሚወጣውም ሰው አንዱ ማተብ ያሰረ፥ ሌላው የሚሰግድ ነው። «እንጀራ እሰጥሃለሁ፥ ሃይማኖትህን ግን ስጠኝ» ማለት የተራበን ሰው ነፍስ በቍራሽ መግዛት ነው። ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ቍስሉን አሰረለት፤ የማደሪያውንም ዋጋ ከፈለ። በእንጀራ የተገዛ ንስሐ እንጀራው ሲያልቅ ያልቃል። ስለዚህ ማዕዱ ለሁሉ ይሁን፤ ንስሐው በፈቃድ ይሁን። ለእስላሙ ወንድማችንም የራሱ ሃይማኖት ሽማግሌዎች እንዲደርሱለት ማድረግ የጉርብትና ወግ ነው።

ደግሞ ጠበልና ሐኪም እንዳይጣሉ ያስፈልጋል። ሸንኮራ ዮሐንስንና ጻድቃኔ ማርያምን በመሳሰሉ የሸዋ ቅዱሳት መካናት ብዙ ሰዎች በጠበል ከሱስ ለመላቀቅ ይሄዳሉ። በእምነት የሚሄድ ሰው መልካም ያደርጋል። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በዐረቄ የኖረ ሰው መጠጡን በድንገት ባቋረጠ ጊዜ የሚንቀጠቀጥበትና የሚወድቅበት፥ ለሞትም የሚደርስበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሐኪም ማድረስ እምነት ማጕደል አይደለም። ጥበበኛው ሲራክ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረውና ማክበርም እንደሚገባ አስተምሮናልና።

አሁን እንግዲህ ለዚህ ሥራ ቤተ ክርስቲያን በእጅዋ ምን አላት? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። አዲስ ቤት ሳይሠራ፥ አዲስ ገንዘብ ሳይሰበሰብ የሚገኙ አራት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የንስሐ አባት፥ ዋስ፥ ዕድር፥ ማኅበር ናቸው።

የንስሐ አባት ከላይ እንዳልነው የአመክሮው አረጋዊ ነው። ሰውየው ሊወጣ ሲል በማረሚያ ቤቱ የሚያስተምረው ካህን ወደሚሄድበት ደብር ካህን አስቀድሞ ቢልክለት፥ ሰውየው ከበር ወጥቶ ወደ ማንም አይሄድም፤ ወደ አባቱ ይሄዳል። ለዚህ ምሳሌው አናሲሞስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ የወለደውን ይህን ባሪያ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና በላከው ጊዜ ባዶ እጁን አልሰደደውም፤ መልእክት ጽፎ አስያዘው። በመልእክቱም እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነ፤ የጐደለም ነገር ቢኖር በራሱ ላይ እንዲቈጠር ቃል ገባ።

ይህም ወደ ሁለተኛው ነገር ያደርሰናል፤ እርሱም ዋስ ነው። በአገራችን ዘበኛ ለመሆንም ቢሆን፥ በሱቅ ለመቀጠርም ቢሆን ዋስ አምጣ ይባላል። ከወህኒ የወጣ ሰው ሥራ የሚያጣው ጕልበት አጥቶ ሳይሆን ዋስ አጥቶ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለአናሲሞስ የሆነለት ይህን ነው። ዋስ መሆን አደጋ እንዳለው እናውቃለን፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይጐዳ የሰበካ ጉባኤው አባላት ሦስትና አራት ሆነው ቢዋሱ ሸክሙ ይቀላል።

ዕድር ሦስተኛው ነው። በአገራችን ከዕድር ውጭ የሆነ ሰው ቢሞት የሚቀብረው እንደሌለ ይቈጥራል፤ የሚቀብረው የሌለው ሰው ደግሞ የሚያፍረው ሰው የለውም። የተፈታውን ሰው በዕድር መዝገብ መጻፍ «አንተ ከእኛ ወገን ነህ» ብሎ በሰው ፊት መመስከር ነው። ሕጉ እንኳ የታረመ ሰው ሁኔታውን አሟልቶ ሲገኝ ፍርዱ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበትን መንገድ አስቀምጧል። የመንግሥት መዝገብ ሊሰርዘው የሚችለውን ነገር የጎረቤት አፍ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ሊያቈየው አይገባም።

አራተኛው ማኅበር ነው፤ በዚህ ላይ ግን ግልጥ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የጽዋ ማኅበራችን የተመሠረተው ለፍቅርና ለመታሰቢያ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ስፍራ ጠላው ከጸሎቱ በዝቶ፥ ጠላውንም ዐረቄ ተከትሎት ይገኛል። ከስካር ለመላቀቅ የሚታገል ሰው ወደ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢጠራ፥ በቅዱስ ስም ወደ ወደቀበት ጕድጓድ ተጠራ ማለት ነው። «እምቢ አልጠጣም» ቢል ጽዋውን ናቀ ይባላል፤ ቢጠጣ ይጠፋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ወንድም የሚሰናከልበት ከሆነ ሥጋ አለመብላት፥ ወይንም አለመጠጣት መልካም እንደ ሆነ አስተምሯል። ስለዚህ ማኅበርተኞች ለእንዲህ ያለው ወንድም ያልፈላ ብርዝ ወይም ንጹሕ ውኃ ቢያቀርቡ፥ ይልቁንም ስለ እርሱ ብለው ሁሉም በዚያ ቀን ብርዝ ቢጠጡ፥ የጻድቁ መታሰቢያ አይጐድልም፤ ይበዛል እንጂ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሱስ የሚሰበክ አሥር ስብከት ከአንድ እንዲህ ያለ ማዕድ አይበልጥም።

«እርሱ ግን ደግሞ ቢወድቅስ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ የሚወድቅ አለ። ሽፍታ የነበረው አባ ሙሴ ጸሊም፥ በሰኔ 24 ቀን የምናከብረው፥ ወደ አስቄጥስ ገዳም በገባ ቀን ከቀድሞ ልማዱ አልተላቀቀም፤ ብዙ ዓመት ተጋደለ፥ ከአባቱም ምክር ሊቀበል ብዙ ጊዜ ተመላለሰ። በኋላም ራሱ አባት በሆነ ጊዜ፥ በበደለ ወንድም ላይ ለመፍረድ በጠሩት ጉባኤ ከጀርባው የሚፈስ ሸክም ተሸክሞ መጣ፤ የራሱን ኀጢአት በኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን በዚህ ገለጠላቸው። ወንበዴን አባት ያደረገው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ቸርነቱ ግን የሠራው ባልታከቱ አባቶች በኩል ነው። ገበሬው አቀንጭራ ተመልሶ በቀለ ብሎ መሬቱን አይጥልም፤ ወንድማችን ተመልሶ ወደቀ ብለን የምንጥለው ከሆነ ከአፈር ይልቅ አሳንሰን ገመትነው ማለት ነው። ቢሰርቅ ስርቆቱን እንነግረዋለን፤ ቢሰክር ዐረቄውን እንነፍገዋለን፤ ሰውን የሚጐዳ ከሆነም ለሕግ እንነግራለን። በሩን ግን አንዘጋም።

በሩን ስንል የሐዋርያት ሥራ 12ኛውን ምዕራፍ እናስታውስ። ሄሮድስ ቅዱስ ጴጥሮስን ባሰረው ጊዜ ምእመናን ስለ እርሱ አጥብቀው ይጸልዩ ነበረ። እግዚአብሔርም ጸሎታቸውን ሰማ። መልአክ መጣ፥ ሰንሰለቱ ወደቀ፥ የብረቱ መዝጊያ ለራሱ ተከፈተ። ጴጥሮስም የማርቆስ እናት ማርያም ወዳለችበት፥ ብዙዎች ተሰብስበው ወደሚጸልዩበት ቤት መጥቶ ደጁን መታ። ሮዴ የተባለች ልጅ ድምፁን ለይታ ከደስታ የተነሣ ሳትከፍትለት ወደ ውስጥ ሮጠች፤ በውስጥ ያሉትም አላመንዋትም። ጴጥሮስ ግን በደጅ ቆሞ ያንኳኳ ነበረ። የሄሮድስ የብረት በር ያለ ሰው እጅ ተከፈተ፤ የምእመናን የእንጨት በር ግን የሰው እጅ እስኪከፍተው ድረስ ጠበቀ።

ጴጥሮስ ንጹሕ እስረኛ ነበረ፤ ዛሬ ከማረሚያ ቤት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በደለኛ ነው፤ ይህን ልዩነት አንዘነጋም። ነገር ግን በየቅዳሴው ስለ እስረኞች መፈታት እንጸልያለን። ጸሎቱም ይሰማል፤ በየዓመቱ በአመክሮና በይቅርታ፥ ዘመኑንም በመፈጸም ብዙ ሰው ይፈታል። ከሸዋ ሮቢት የሚወጣውም ሰው የዚያ ጸሎት መልስ ነው። እንግዲህ መልሱ መጥቶ ደጁን ሲመታ «እርሱ አይደለም፥ አይታመንም» ብሎ በውስጥ መቀመጥ የለመኑትን አለመቀበል ነው። የብረቱን በር መክፈት የእግዚአብሔርና የዳኞች ሥራ ነው፤ የእንጨቱን በር መክፈት ግን ለእኛ የተተወ ነው።

ምእመናን ሆይ፥ እያንዳንዱ አጥቢያ በዚህ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ይቀበል። አንድ የንስሐ አባት፥ ሦስት ዋሶች፥ አንድ ሥራ፥ አንድ የዕድር ስም፥ ዐረቄ የሌለበት አንድ ማዕድ ይስጠው። የተበደለው ቤተ ሰብም ቢገኝ፥ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ካሣውንና ዕርቁን በጊዜው ያድርሱ። በቍጥር አንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ፍርድን የሚፈጽም፥ የታሰረውንም የሚፈታ ጌታ ግን በመጨረሻው ቀን ከታሰሩት ከታናናሾቹ ስለ አንዱ እንደሚጠይቀን አስቀድሞ ነግሮናል። ለእርሱ ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋራ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።